አጥቂዋ እናት ሆና ወደ ሜዳ ስትመለስ

(በክሊኒካችን ለተገልጋዮች በሚሰጠው የጠዋት ትምህርት ላይ በአዋላጅ ነርስ የቀረበ ንግግር)



ካርድ አውጥታችሁ ተራችሁን በምትጠብቁበት በዚህ ጊዜ ስለ ክኒን፣ ስለ መርፌና ስለ ሉፕ እንደማወራችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ወደዚያም እንደርሳለን። ዛሬ ግን የምጀምረው ከኳስ ነው። የማወራችሁም ስለ አንዲት እግር ኳስ ተጫዋች፣ ያውም ጎል ማግባት መተዳደሪያዋ ስለነበረ አጥቂ ነው።

«አዋላጅ ነርስን ከኳስ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ አጥቂ ምርጥ የጨዋታ ዘመን ከሃያዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አንስቶ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለው ነው። ሴት ልጅ ለመውለድ ሰውነቷ ይበልጥ የሚመቸውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ወንዱ ተጫዋች ቅዳሜ አባት ሆኖ እሑድ ሜዳ ሊገባ ይችላል። ሴቷ ግን ከእርግዝናው፣ ከወሊዱና ከማገገሚያው ጋር አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከውድድር ትርቃለች። በመሆኑም «መቼ ልውለድ?» የሚለው ጥያቄ ለእሷ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ጉሊት ለምትውለው፣ ፋብሪካ ለምትሠራው፣ ትምህርቷን ላልጨረሰችው እህታችንም ጥያቄው ያው ነው።

ፊፍፕሮ የተባለው ዓለም አቀፍ የተጫዋቾች ማኅበር በ2017 ባወጣው ጥናት (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ከተጠየቁት ሴት ተጫዋቾች ውስጥ ልጅ የነበራቸው 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 47 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ቤተሰብ ለመመሥረት ሲሉ ጨዋታውን ያለጊዜው እንደሚያቆሙ ተናግረዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችን ከሁለቱ አንዱን ሳትተው ሁለቱንም በየጊዜያቸው ለማድረግ የቻለች ናት።

ከካሊፎርኒያ እስከ ዌምብሌይ

ስሟ አሌክስ ሞርጋን ይባላል። በ1989 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ተወለደች። በክለብ ደረጃ መጫወት የጀመረችው በ14 ዓመቷ ነበር፤ ይህም ለአንድ የወደፊት ኮከብ ዘግይቶ መጀመር ነው። በ17 ዓመቷ ደግሞ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጉዳት የብዙ ተጫዋቾችን ተስፋ ያስቀረ ጉዳት ነው። እሷ ግን ታክማ፣ ታግሣ ተመለሰች። በበርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብታም ትምህርቷንና ኳሷን ጎን ለጎን አስኬደች።

በ2011 በጀርመን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ ቡድን በዕድሜ ትንሿ እሷ ነበረች። ብዙውን ጊዜ ተቀይራ እየገባች በግማሽ ፍጻሜው በፈረንሳይ፣ በፍጻሜው ደግሞ በጃፓን ላይ ጎል አግብታለች፤ ዋንጫውን ግን ጃፓን በፍጹም ቅጣት ምት ወሰደች።

የኳስ ወዳጅ የሆናችሁ ወንድሞች የ2012ቱን የለንደን ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ታስታውሱ ይሆናል። አሜሪካና ካናዳ 3 ለ 3 ሆነው መደበኛው ሰዓት አለቀ። ተጨማሪው ሰዓትም አለቀ። ሰው ሁሉ ሪጎሬ ሲጠብቅ፣ በ123ኛው ደቂቃ ከቀኝ የተሻገረውን ኳስ አሌክስ በቴስታ ገጭታ አገባችው። በፍጻሜው ጃፓንን በዌምብሌይ 2 ለ 1 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። በዚያ ዓመት ብቻ ለብሔራዊ ቡድኗ 28 ጎሎች አግብታ፣ 21 ጎሎች ደግሞ ሌሎች እንዲያገቡ አመቻችታለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። በ2015 ካናዳ ላይ የዓለም ዋንጫ አነሣች። በ2017 ለጥቂት ወራት ለፈረንሳዩ ሊዮን ተጫውታ ቡድኑ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ2019 ፈረንሳይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ደግሞ በታይላንድ ላይ በአንድ ጨዋታ 5 ጎሎች አገባች። በግማሽ ፍጻሜው የእንግሊዝን ቡድን ያሸነፉበትን ጎል ያገባችው ሐምሌ 2 ቀን ነው፤ ይህ ዕለት 30ኛ የልደት በዓሏ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላም ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ አነሣች።

በከፍታው ላይ የተወሰነ ውሳኔ

እናቶቼ፣ ጆሯችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንዲት አጥቂ 30 ዓመት ሞልቷት፣ የዓለም ዋንጫ ይዛ፣ ስሟ በዓለም ተሰምቶ ሳለ ምን ታደርጋለች? ብዙዎች «አሁን እንዳትነኪው፣ ልጁ ይቆይ!» ይሏታል። አሌክስና ባለቤቷ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ባለቤቷ ሰርቫንዶ ካራስኮም የኳስ ተጫዋች ነበር። በጥቅምት 2019 ልጅ እንደሚጠብቁና የመውለጃዋ ጊዜም ሚያዝያ 2020 እንደሆነ አሳወቁ። አሳቧም ወልዳ በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ለሚጀመረው የቶኪዮ ኦሊምፒክ መድረስ ነበር።

ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። እኔ እንደ አዋላጅ ይህን ስሰማ «ይከብዳል» እላለሁ። ሆኖም እሷ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሐኪምና አሰልጣኝ ከጎኗ ነበሩ። ልምምዷን እንደ ሆዷ ዕድገት እያቀለለች እስከ ሰባተኛ ወሯ ገደማ ቀጠለች።

ነገር ግን ዕቅድ ዕቅድ ነው፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል። የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ኦሊምፒኩ በመጋቢት 2020 ለቀጣዩ ዓመት ተዛወረ። ሕፃኗም የተባለው ወር አልፎ፣ ግንቦት ገብቶ በ7ኛው ቀን ተወለደች። ቻርሊ አሏት። እናቲቱ ልትጣደፍለት የነበረው ውድድር አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ ሰጣት።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሰው የቤተሰብ ምጣኔ ሲባል ቀንና ሰዓት ቆርጦ ልጅ ማዘዝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ምጣኔ ማለት ባልና ሚስት ተመካክረው፣ አቅማቸውንና ጤንነታቸውን አይተው፣ በሩን መቼ እንደሚከፍቱና መቼ እንደሚዘጉ መወሰን ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ እንግዳው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

የመመለሻው መንገድ

ከወለደች ከአራት ወር በኋላ፣ በመስከረም 2020፣ ቶተንሃም ለተባለው የእንግሊዝ ክለብ ፈረመች። ሕፃኗን ይዛ ለንደን ገባች። ጋዜጠኛውም ደጋፊውም «መቼ ትጫወታለች?» እያለ ሲጠይቅ ሳምንታት አለፉ። ሜዳ የገባችው ኅዳር 7 ቀን ነው፤ ያውም ተቀይራ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ቻርሊ የዚያን ዕለት ስድስት ወር ሞላት። ለክለቡ ያገባቻቸው ጎሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በሪጎሬ። ያቺ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ያገባችው አጥቂ!

«በቃ፣ ወልዳ ጠፋች» ያለ ሰው ነበር ይሆናል። ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ አልቸኮለችም። በ2021 በቶኪዮ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። በ2022 ሐምሌ ላይ በአህጉሯ ሻምፒዮና ፍጻሜ ካናዳን 1 ለ 0 ያሸነፉበትን ሪጎሬ መታ አገባች፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለች። በዚያው ዓመት ለሳንዲዬጎ ዌቭ ተሰልፋ በአሜሪካ ሊግ 15 ጎሎች በማግባት የከፍተኛ ጎል አግቢነቱን ሽልማት ወሰደች። 33 ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅም እናት ነበረች። ወደ 2023 የዓለም ዋንጫ የሄደው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ እናቶቹ ሦስት ነበሩ፤ እሷ፣ ክሪስታል ደንና ጁሊ ኧርትዝ።

በኦርላንዶ ክለብ አብራት የነበረችው ሌላዋ አጥቂ ሲድኒ ለሩ ደግሞ በ2019 ሁለተኛ ልጇን በወለደች በ93 ቀኗ ወደ ውድድር ተመልሳለች። እሷ 93 ቀን፣ አሌክስ ስድስት ወር። የአንዷ የሌላዋ መለኪያ አይሆንም። ጎረቤትሽ በአርባ ቀኗ እንስራ ተሸከመች ብለሽ አንቺ መሸከም የለብሽም።

ሕግና ደመወዝ

አሁን ሰው የሚረሳውን ነገር ላንሳ። አሌክስ ተመልሳ የተጫወተችው ጠንካራ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ስትመለስ ቦታ ስለነበራት ነው። ያ ቦታ ደግሞ ታግሎ የተገኘ ነው።

በ2016 እሷና አራት ጓደኞቿ «ከወንዶቹ ቡድን ያነሰ ይከፈለናል» ብለው ለመንግሥት አቤት አሉ። በ2019 በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ደግሞ 28 ተጫዋቾች የአገራቸውን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፍርድ ቤት አቆሙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በ2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረሰ፤ በዚያው ዓመትም የወንዶቹና የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድኖች እኩል እንዲከፈላቸው ውል ተፈረመ።

እርግዝናን በተመለከተ ፊፋ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል። በደንቡ መሠረት ያረገዘች ተጫዋች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ አላት። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 8 ሳምንቱ ከወሊድ በኋላ ሲሆን፣ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛው ይከፈላታል። በማርገዟ ምክንያት ውሏ ሊቋረጥ አይችልም።

ደንብ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አይስላንዳዊቷ አማካይ ሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር በሊዮን ሳለች አርግዛ ወደ አገሯ በሄደችበት ጊዜ ደመወዟ በሙሉ አልተከፈላትም። ጉዳዩን ለፊፋ ዳኞች አቅርባ በ2022 ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፈላት ተወሰነላት።

እናንተም መብታችሁን እወቁ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ የአዋጅ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል።

የመጨረሻዋ 13ኛ ደቂቃ

በመስከረም 2024 አሌክስ ሞርጋን ጨዋታ ማቆሟንና ሁለተኛ ልጇን ማርገዟን በአንድ መልእክት አሳወቀች። ከሦስት ቀን በኋላ ሳንዲዬጎ ላይ ለመሰናበቻ ሜዳ ገባች። ሪጎሬ አገኘች፤ መታችው፣ በረኛዋ ያዘችባት። በ13ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይራ ወጣች። 13 የማልያዋ ቁጥር ነው። ጫማዋን አውልቃ ሜዳው ላይ ትታው ወጣች። ለብሔራዊ ቡድኗ 224 ጨዋታ ተጫውታ 123 ጎል አግብታለች። በመጋቢት 2025 ወንድ ልጅ ወለደች።

እስቲ እንቁጠር። የመጀመሪያዋ ልጅ ግንቦት 2020፣ ሁለተኛው መጋቢት 2025። በመካከሉ ወደ አምስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕፃኗ ጠግባ አደገች፤ እናቲቱም አገገመች፣ ተጫወተች፣ ጎል አገባች፣ ደመወዟን በላች።  የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ብሂል ልጅን መውደዳችንን ያሳያል። ነገር ግን ዕድሉን የሚያሰፋለት የእናቱ ጤንነትና የአባቱ አሳቢነት ነው።

ከእናንተ የሚነሱ ጥያቄዎች

ስለ ሴት ልጅና ስለ ኳስ በየጊዜው የምጠየቃቸውን ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ኳስ የምትጫወት ልጅ መካን አትሆንም ወይ?» አትሆንም። ማሕፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ የተከለለ ነው፤ ሩጫና ዝላይ አያበላሹትም። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ብትራገጥ አትስጉ። የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ በአጥቂነቷ ከአገር ውስጥ ክለቦች አልፋ እስከ ማልታና እስከ አሜሪካ ሄዳ ተጫውታለች።

«ልጄ ልምምድ ከጀመረች ወዲህ የወር አበባዋ ቀረ፤ ምንድነው?» ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ ይህ ሊደርስባት ይችላል። ሰውነቷ የሚያገኘው ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ የወር አበባውን ያቆመዋል፤ አጥንቷም ይሳሳል። ሦስት ወር ከቀረባት ወደ እኛ አምጧት። ባለትዳር ከሆነች ወይም ጓደኛ ካላት ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ የወር አበባ መቅረት እርግዝናን አይከላከልም። ቀድሞም አርግዛ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባት።

«ነፍሰ ጡር ስፖርት መሥራት ትችላለች?» ጤነኛ ከሆነችና ሐኪም ካልከለከላት ትችላለች፤ ይጠቅማታልም። ፈጠን ያለ የእግር መንገድ በሳምንት በድምሩ እስከ 150 ደቂቃ ጥሩ ነው። ግጭትና መውደቅ ያለበት ጨዋታ ግን ይቅርባት። ከሦስተኛው ወር በኋላ ማሕፀን ከዳሌ አጥንት ወጥቶ ወደ ሆድ ከፍ ስለሚል መከለያው ይቀንሳል። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ቁርጠት ከጀመረ፣ ራስ ካዞረ፣ ደረት ከወጋ ወይም የአንድ እግር ባት ካበጠ፣ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ድርጅት መሄድ ነው።

«ከወለድኩ በኋላ መቼ ልሩጥ?» በመጀመሪያ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ለምርመራ ኑ። ከዚያ በፊት ቀስ ብሎ መራመድና የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ማጠንከር ነው፤ ይኸውም ሽንትን ይዞ እንደማቆም እያደረጉ መኮማተርና መልቀቅ ነው። ሩጫና ዝላይ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። ስትሮጡ ሽንት የሚያመልጣችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አትደብቁ፤ ይታከማል። በኦፕሬሽን የወለዳችሁ ደግሞ ከዚህም በላይ ታገሡ።

«ጡት እያጠባሁ አላረግዝም አይደል?» ይህ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ብቻ የሚታመን ነው። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች መሆን፣ ቀንና ሌሊት ያለ ምንም ተጨማሪ ምግብ ጡት ብቻ መጥባት፣ የወር አበባም አለመመለስ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ልምምድና ውድድር ውላ የምትመለስ እናት፣ ሥራ ውላ የምትመለሰውም እንዲሁ፣ የማጥቢያ ሰዓቷ ስለሚራራቅ ይህን ታስብበት።

«ለእኔ የሚስማማኝ የትኛው ነው?» ይህን አንቺን ሳላይ አልነግርሽም። ክኒን በየቀኑ የማይረሳ ሰው ይፈልጋል። የሦስት ወሩ መርፌ ይመቻል፤ ሆኖም ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በቅርብ መውለድ የምታስብ ትጠይቀን። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሉፑ ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ሲወጡም የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀው ግን ኮንዶም ነው። ያላሰባችሁት ነገር ቢደርስ የድንገተኛ መከላከያ ክኒን እስከ አምስት ቀን ድረስ አለ፤ በፈጠነ መጠን ግን የተሻለ ይሠራል።

ለወንድሞቼ አንድ ቃል አለኝ። ሚስቱ ከቻርሊ በኋላ ለንደን ሄዳ ስትጫወት፣ ሕፃኗን የሚይዝ ክንድ ያስፈልግ ነበር። ጎሉ የሚቆጠረው በአጥቂዋ ስም ነው፤ ኳሱን የሚያቀብል ከሌለ ግን ጎል የለም። ምርመራ ስትመጣ አብራችሁ ኑ፤ መከላከያውንም አብራችሁ ምረጡ።

አሌክስ ሞርጋን ሁለት ጊዜ ዋንጫ አንሥታ፣ ሁለት ጊዜ ወልዳ፣ ማቆሚያዋንም ራሷ መርጣ ወጥታለች። የተበጠሰ ጉልበት፣ የተዛወረ ኦሊምፒክና የተያዘባት ሪጎሬ እሷ ያላቀደቻቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ልጇን የመውለጃዋ ጊዜ ግን የእሷና የባለቤቷ ውሳኔ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እያንዳንዷ እህቴም ይህን ያህል ይገባታል።

አሁን ካርዷ የተጠራ ትግባ። ጥያቄ ያላት ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ምሥጢሯም እዚሁ ይቀራል።